ቀትር ላይ የቆመችው ዶሮ

ባለቤቴ ሰናይት ከሞተች ሦስት ወር ሆናት።

ጅቡቲ ውስጥ ቀትር ላይ ሰው ይተኛል። አለቃውም ይተኛል፣ ዘበኛውም ይተኛል፣ ፍየሉም የመኪና ጥላ ፈልጎ ይጋደማል። በዚያ ሰዓት ቆሞ የተገኘ ፍጡር ካለ፣ ሐኪም ዘንድ መወሰድ ያለበት እሱ ነው። ፕላቶ ዱ ሰርፓን በሚባለው ሰፈር ላለ አንድ መሥሪያ ቤት ሾፌር ሆኜ ስሠራ ይህን ሕግ ስድስት ዓመት አይቼዋለሁ። ለዶሮም እንደሚሠራ ግን ማን ነገረኝ?

ሰናይት አራት ዶሮዎችና አንዲት የአምስት ዓመት ልጅ ትታልኝ ሄደች። ልጃችንን ማርታን ትንሽ ትንሽ አውቃታለሁ። ዶሮዎቹን አላውቃቸውም። የእኔ ድርሻ እንቁላሉን መብላት ነበር፤ እሱንም ያለ አንዳች ጉድለት ተወጥቻለሁ። "ዶሮ ብታልም ጥሬዋን" ይባላል። ይህን ያለ ሰው ዶሮ ስትተኛ አይቷል ማለት ነው። እኔ አላየሁም ነበር።

ባለፈው አርብ፣ የዕረፍት ቀኔ ነው፣ ዋራበሌ ሰፈር ካለው ቤታችን ወደ ግቢው ብወጣ ቀይዋ ዶሮ ከውሃው በርሚል ሥር አፈር ላይ ተዘርራለች። አንድ ክንፏ ወዲያ፣ አንድ እግሯ ወዲህ፤ ዓይኗ ተከድኗል፣ አፏ ተከፍቷል። ማርታ ከኋላዬ መጥታ "አባ፣ የእማዬ ዶሮ ልትሞት ነው?" አለችኝ። ስለ እናቷ ስትጠይቀኝ "አትሞትም" ብያት ነበር።

ሳትታረድ ከሞተች በክት ናት፤ የሚበላት የለም። ቶሎ ብዬ ቢላዋ አነሳሁ። ካነሳሁ በኋላ ዕለቱ አርብ፣ አርብም ጾም መሆኑ ትዝ አለኝ። ለነገ እንዳላቆያት ፍሪጃችን ከተበላሸ ሰንብቷል። ለጎረቤት እንዳልሰጣት ጎረቤቶቼ ሙስሊሞች ናቸው፤ እኔ ያረድኩትን አይበሉም። ታላላቅ መንግሥታት እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥማቸው ጉባኤ ይጠራሉ። እኔ ጎረቤቴ ኡስማን በገዛ እጁ አርዶ ይብላት ብዬ ወሰንኩና ቢላዋዬን እንደያዝኩ በሩን አንኳኳሁ።

የከፈተችው ሚስቱ ሐዋ ናት። ድሬዳዋ ስላደገች አማርኛዋ ከእኔ ይሻላል። ዶሮዬ ተዘርራ ልትሞት ነው፣ ባልሽን ቀስቅሺልኝ አልኳት። ቢላዋውን አየች፤ እኔን አየች። "እሱም ምሳውን በልቶ እንደ ዶሮህ ተዘርሯል፤ መጀመሪያ የቱን ነው የምታርደው?" አለችኝ።

ነጠላ ጫማዋን እየጎተተች መጣችና ቀይዋ አጠገብ ሆና አንዴ አጨበጨበች። ሟቿ ተነሣች። አፈሯን ሱሪዬ ላይ አራግፋ ሄደች። ሐዋ የሳቀችው ሳቅ ኡስማንን ሳይቀሰቅሰው አልቀረም። "አንተ ሰው፣ አፈር ስትታጠብ ውላ እንቅልፍ ወስዷት ነው እኮ! አፏን የከፈተችው ሞቋት ነው። አንተ አይሞቅህም?"

ከዚያ ሳቋን አቆመችና በአገጯ ወደ ግድግዳው አመለከተች። "እሷስ ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የቆመችው?"

ነጯን ዶሮ ማለቷ ነው። እኔ "ጨዋዋ" እላት ነበር። ለጥሬ አትሻማም፣ አትጮህም፣ ጥጓን ይዛ ትቆማለች። ሦስት ቀኗ ነው፤ እንዲያውም ሌሎቹ ከእሷ ቢማሩ እል ነበር። ሐዋ አንድ በአንድ አሳየችኝ፦ አንገቷን ቀብራለች፣ ጭራዋ ወድቋል፣ አናቷ ላይ ያለው ቀይ ኩክኒ ገርጥቷል። "ላባዋንስ አታይም? በዚህ ሙቀት እንደ ጋቢ ደርባዋለች። ጤነኛ ሰው እዚህ አገር ጋቢ ይለብሳል?"

አይለብስም። ሰናይትም በዚያ የሙቀት ወር ጋቢ ደርባ፣ ግድግዳ ተደግፋ ትቀመጥ ነበር። ደክሟት ነው፣ ትረፍ ብዬ ማርታን እንዳትረብሻት ከለከልኳት። ሐዋ ያን ጊዜ እናቷን ልትጠይቅ ድሬዳዋ ሄዳ ነበር።

ነጯን ከሌሎቹ ለይተን ጥላ ሥር ካርቶን ውስጥ አስቀመጥናት። ውሃ በማንኪያ ሰጠኋት። ሐዋ "ጤነኛ ዶሮ ፀሐይ ስትጠልቅ ቆጥ ላይ ትወጣለች፤ ያልወጣችውን ጠርጥር" ብላኝ ሄደች። ሲመሻሽ ሦስቱ ወጡ። ነጯ ከካርቶኗ ቀና ብላ አየቻቸውና ራሷ ውሃ ጠጣች። ትዳን አትዳን አላወቅሁም። ጠዋት ሐኪም ጋ ልወስዳት ወሰንኩ።

ቤት ስገባ ማርታ ምንጣፉ ላይ ተዘርራለች። አንድ እጇ ወዲያ፣ አንድ እግሯ ወዲህ፣ አፏ ተከፍቷል። ይህ የጤና ምልክት መሆኑን በዚያው ቀን ተምሬአለሁ። ቢሆንም ተንበርክኬ ትንፋሿን አዳመጥኩ። አንድ ዓይኗን ገለጥ አደረገች።

"አባ፣ ተኝቼ ነው እኮ። ሂድና ዶሮዋን እያት።"

ሄጄ አየኋት።