ልብ ፎቶ የሚነሳበት ክፍል

[የልብ ሕክምና ኮሪደር። የልቡ ደም ሥር ጠብቦ ስቴንት (ደም ሥሩን ከፍቶ የሚይዝ ትንሽ ቱቦ) የገባለት ልብስ ሰፊ ከሐኪሙ ክፍል ይወጣል። ታላቅ ወንድሙ፣ ጡረተኛው ሹፌር፣ ወንበር ላይ ሆኖ ይጠብቀዋል። እሱም ስቴንት አለው።]

ወንድም ጋሼ፦ «ደህና ነኝ» አልከው? አሁን ይሄ ጭንቅላት ነው?

ሰፊው፦ ደህና ነኛ! ምን ልበለው ታዲያ?

ወንድም ጋሼ፦ «ደረቴን ያመኛል» በለዋ! የጭንቀት ምርመራ ያዝልህ ነበር።

ሰፊው፦ ጭንቀትማ ሚስቴ በየቀኑ በነፃ ትመረምረኛለች።

ወንድም ጋሼ፦ እሱን አይደለም! ማሽን ላይ ያሮጡህና ልብህን ፎቶ ያነሱታል።

ሰፊው፦ ሮጬ የት ልደርስ?

ወንድም ጋሼ፦ የትም!

ሰፊው፦ የትም ላልደርስ ፎቶው ምን ያደርግልኛል?

ወንድም ጋሼ፦ ኧረ በፈጠረህ! ደሙ ልብህ ጋ መድረሱን ሊያዩ ነው!

ሰፊው፦ ሐኪሙ ግን «ምንም ካልተሰማህ ዝም ብሎ መፈተሽ አይጠቅምህም፤ መድኃኒትህን ብቻ እንዳታቋርጥ» አለኝ።

ወንድም ጋሼ፦ ሰነፍ ነዋ! እኔን እየው፤ ካቻምና ለምኜ ተመረመርኩ። «ጥርት ያለ ልብ» ተባልኩ። ፎቶውን ሳሎን ሰቅየዋለሁ።

ሰፊው፦ ከልጆቹ ፎቶ በላይ፣ አይቼዋለሁ።

ወንድም ጋሼ፦ ከዚያ ወዲህ ሐሳብ የለብኝም። አሁን ደረጃውን ስወጣ እንኳ ደረቴን ጭምድድ አድርጎ ሲይዘኝ «ዞር በል፣ ፎቶ አለኝ» ብዬው ወጣሁ።

ሰፊው፦ [ፈገግታው ይጠፋል] ምን ያዘህ?

ወንድም ጋሼ፦ ቀላል ነው። ግራ እጄን ትንሽ ያደነዝዘኛል፣ ቆም ስል ይተወኛል።

ሰፊው፦ ከመቼ ጀምሮ?

ወንድም ጋሼ፦ ሰሞኑን ነው። አንተ ግን ስለ ራስህ አስብ!

[ሰፊው የሐኪሙን በር ከፍቶ ይገባል። ወዲያው ይመለሳል።]

ሰፊው፦ ተነሥ፣ ሐኪሙ ይጠራሃል። «አሁኑኑ አስገባው» ብሏል።

ወንድም ጋሼ፦ እኔን? እኔ እኮ አንተን ላሳክም ነው የመጣሁት!

ሰፊው፦ እሱ ደግሞ «የካቻምና ፎቶ የዛሬን ሕመም አያይም» አለ።

ወንድም ጋሼ፦ [ድምፁ ይቀንሳል] ቢያስተኛኝስ?

ሰፊው፦ እኔ አለሁ አይደል? ያዘኝ፣ በቀስታ።

ወንድም ጋሼ፦ [ክንዱን ይዞ ይነሣል] ገብቼ ምን ልበለው?

ሰፊው፦ እውነቱን። አዲስ ነገር ስለሆነብህ ግን ቀስ እያልክ ጀምር።