መግቢያ የሌለው አቤቱታ

ታሪክን የሚመራ ሰው በየከተማው አንድ አለ፤ ታሪክ ግን ሰውየውን አያውቀውም። ይሄን የምላችሁ እኔ ገብረየስ ነኝ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ኤንትሬ የጭነት መኪና የነዳሁ። ፊደል አልቆጠርኩም፤ ከአሰብ እስከ ጅማ ግን ያልቆጠርኩት ኩርባ የለም። ኮምቦልቻ ላይ እንዲህ ያለው ሰው ፀጉር አስተካካይ ነበር። ግማሽ ጢሜን ላጭቶ ስለ ቻይና አብዮት ሲያስረዳኝ ረዳቴ ጭነቱን ጨርሶ ጠራኝ፤ ደብረ ሲና የገባሁት በግማሽ ጢም ነው። ጅማ ላይ ደግሞ ጎማ ጠጋኝ ነበር። ለሰበታ ግን እግዜር ሳይሰስት ኦቦ ቀጄላን ሰጣት።

ክቡርነታቸው ኦቦ ቀጄላ ጡረታ የወጡ የታሪክ አስተማሪ ናቸው። እኔም እንደ ሰፈሩ ሰው አንቱ እላቸዋለሁ፤ ለክብር እንዳይመስላችሁ፣ ለርቀት ነው። ዩኒቨርሲቲ ሁለት ዓመት ተምረው ወጥተዋል። እሳቸው ደርግ አባረረኝ ይላሉ። አብሯቸው የተማረ አንድ ሰው ግን ፈተና ላይ ጥያቄውን አርመው፣ መልሱን ሳይጽፉ ስለወጡ ነው ብሎኛል።

የሚውሉት ተስፋነሽ ሻይ ቤት ነው። ተስፋነሽ ከወላይታ የመጣች፣ ለፋብሪካ ሠራተኛ ሻይና ፓስቲ የምትሸጥ ጴንጤ ናት፤ ሰው አታማም። እሷ እንኳን ኦቦ ቀጄላ ወሬ ሲጀምሩ ውሃ እንደምትጥድ፣ ውሃው ሲፈላ እሳቸው ገና መግቢያ ላይ እንደሚሆኑ ነግራኛለች። መግቢያ የሳቸው ነገር ነው። ምንም ብትነግራቸው "መግቢያው የታለ?" ይላሉ። ጥርሴን አመመኝ ብትል መግቢያ ይፈልጋሉ።

የእድራችን ድንኳን ተቀዶ አዲስ ይገዛ ሲባል ተነሱና መጀመሪያ ድንኳን በሰው ልጅ ታሪክ ውስጥ ያለውን ቦታ እንይ አሉ። ድንኳኑ እስኪገዛ ሦስት ሰው ሞተብን፤ በተውሶ ድንኳን ተቀመጥን። የጎረቤታችን የጥሩሰው ቀብር ላይ ደግሞ የሟች የሕይወት ታሪክ ይነበባል፣ ሟች በዚህ ዓመት ተወለዱ ሲባል እጃቸውን አነሱ። "ቆይ፣ ያኔ አገሪቱ በምን ሁኔታ ላይ ነበረች?" ሬሳው ፀሐይ ላይ ነው፣ አንባቢው ወረቀቱን እንደያዘ ቀረ።

በክርክር ያሸነፍኳቸው እኔ ብቻ ነኝ። ከተማን የሠራው መንገድ ነው ሲሉ፣ መንገዱንስ መንገድ ያደረገው ሾፌር አይደለም ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው። ዝም አሉ። እርግጥ ፓስቲ አፋቸው ውስጥ ነበር።

ታዲያ ሁለት ሺህ ስምንት መጣ። ማስተር ፕላን የሚባለው ነገር፤ አዲስ አበባንና በዙሪያዋ ያለነውን፣ ሰበታን፣ ቡራዩን፣ ሱሉልታን፣ በአንድ ካርታ የሚያሰምር ነው ተባለ። ገበሬው የገባው አንድ ነገር ነው፦ መሬቴ ሊሄድ ነው። ትምህርት ቤት ተዘጋ። አስፋልቱ ላይ ድንጋይ ተደረደረ፣ ጎማ ነደደ፣ ወታደር የጫነ ኦራል ቀን በቀን ይመላለሳል። እኔ ስንት ነገር ያየሁ ሰውዬ ከቤት ስወጣ መታወቂያዬን ሁለቴ እየዳበስኩ ነበር።

ከወጨጫ ተራራ ሥር የሚያርስ ኦቦ ጃራ የሚባል ጎረቤት አለኝ። አንድ ጠዋት ጤፍ ማሳው መሀል የቀያሽ ችካል ተተክሎ አገኘ። የሱ ብቻ አይደለም፣ የመንደሩ ሁሉ። አቤቱታ ይጻፍ ተባለና ቀጥታ ወደ ምሁሩ ተኬደ። ኦቦ ቀጄላ ደስ አላቸው፤ ሦስት ወር ስጡኝ አሉ። ጉዳዩ አዲስ አበባ ከተቆረቆረችበት ጊዜ መጀመር አለበት ባይ ናቸው። ጃራ ዶዘሩ ሰኞ እንደሚመጣ ቢነግራቸው፣ ዶዘር መዘዝ እንጂ መንስኤ አይደለም አሉት። ጃራ አንገቱን ደፍቶ ወጣ።

አቤቱታውን የጻፈችው የጃራ ልጅ ለሊሴ ናት። የአራተኛ ክፍል አስተማሪ ነበረች፣ የሦስት ወር ሕፃን ታጠባለች። ባንድ ቀን ጽፋ፣ ኮምፒውተር ቤት አስተይባ አመጣችው፤ አንዲት ገጽ። የፈራሚዎቹ ስም የተጻፈው በክብ ነው። ይሄ የኛ ሰፈር ብልሃት ነው፤ ስም በመስመር ከደረደርክ የላይኛው ሰውዬ መሪ ይባላል፣ በክብ ከሆነ ግን ራስም ጅራትም የለውም። አርባ ሦስት ሰው ፈረመ። እኔ በጣቴ ፈረምኩ፤ ከሁሉም ያማረው የኔ ነው፣ ያየ ሁሉ የሚመሰክረው ነው።

ኦቦ ቀጄላ አልፈርምም አሉ። አለመፈረም ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር፤ ሻይ ቤት ውስጥ፣ ሰው በሞላበት፣ ወረቀቱን ድምፃቸውን ከፍ አድርገው እያነበቡ መስመር በመስመር ዘለዘሉት።

"ይሄ አቤቱታ አይደለም፣ የገበያ ዝርዝር ነው። መግቢያው የታለ? ማስረጃው የታለ? ይሄን የጻፈ ሰው ታሪክ በደጁ አላለፈም።"

ለሊሴ እዚያው ቆማለች። ፊቷ ቀላ። "ኦቦ ቀጄላ፣ የአባቴ ማሳ ላይ ችካል ተተክሎ እርሶ መግቢያ ይሉኛል" አለችና ወረቀቱን ከእጃቸው ተቀብላ ወጣች። ያን ቀን ጠላኋቸው፤ አልደብቃችሁም።

ወረቀቱ ለከተማው አስተዳደር ገባ። በሳምንቱ አለምገና ላይ መኪና ተቃጠለ፣ ሰው ሞተ። ሐሙስ ጠዋት ተስፋነሽ ሻይ ቤት ደጃፍ ኦራል ቆመ። መሣሪያ የያዙ ስድስት፣ አንድ አለቃ፤ አለቃው እጅ ላይ ያቺ ወረቀት። ሁላችንም ውስጥ ነን። ለሊሴ ልጇን አዝላ፣ ለአባቷ መድኃኒት ልታቀብል መጥታ ነበር።

አለቃው ወረቀቷን አዟዟራት። ክቡን ሲያይ ትንሽ ፈገግ አለ። ከዚያ ለሁከቱ መነሻ ይቺ ጽሑፍ ናት፣ ማን እንደፈረመ አያስፈልገኝም፣ የጻፋትን ነው የምፈልገው አለ። ካልወጣ አርባ ሦስቱም ትጫናላችሁ። ሰዓቱን አየ።

ጃራ ልጁን እንዳያይ መሬት መሬት ያያል። ሁላችንም እናውቃለን፣ ሁላችንም ኩባያችንን እናያለን። ለሊሴ እጇን ወደ ደረቷ አምጥታ የአንቀልባውን ቋጠሮ መፍታት ጀመረች። ልጁን ለተስፋነሽ ልታቀብል ነው። ተስፋነሽ እጇን በመቀነቷ ጠርጋ ጠጋ አለች።

ያኔ ኦቦ ቀጄላ ብድግ አሉ።

በልቤ፣ ጌታዬ ዛሬ እንኳን የዚህን ሰው አፍ ዝጋልኝ አልኩ። አሁን ከከተማዋ አቆራቆር ሊጀምሩ ነው፣ በመሀሉ ልጅቷን ሊጠቅሷት ነው፣ ጽሑፏን ሊተቹ ነው፣ ሁላችንንም ሊያስበሉን ነው።

"እኔ ነኝ" አሉ።

ይኸው ነው፣ ሌላ ቃል የለም። አለቃው ስማቸውን ጠይቆ ክቡን በጣቱ ዞረው። "አንተ ሽማግሌ፣ ስምህ እዚህ የለም።"

"የጻፈ ሰው አይፈርምም።"

አለቃው ተጠራጠረ። ከላይ እስከ ታች አያቸው፤ ክራቫት፣ መነጽር፣ በኪስ ሁለት እስኪርቢቶ። ወረቀቷን አነሳና አነበበላቸው፦ "'መሬታችንን ከወሰዳችሁት የት እንሂድ? መልሱልን።' ይሄ ያንተ ነው? አስተማሪ ነኝ የምትለው ሰውዬ?"

የኦቦ ቀጄላን ፊት አየሁ። ኮሶ የጠጣ ሰው ፊት ነው። መሣሪያውን አልፈሩም፣ ኦራሉን አልፈሩም፤ ያንን ጽሑፍ ግን፣ ያንን መግቢያ የሌለው ጽሑፍ፣ በስማቸው መዝገብ ላይ ሊገባ ነው።

"የኔ ነው" አሉ። "ከዚህ የተሻለ መጻፍ አልችልም።"

ይዘዋቸው ሄዱ። ለሊሴ ተከትላ ልትሮጥ ስትል በሩ ላይ የያዝኳት እኔ ነኝ። አሁን ብትሄጂ ሰውየውን ውሸታም ታደርጊዋለሽ፣ ሁለታችሁንም ነው የሚያስገቡት አልኳት። ልጁ ጀርባዋ ላይ ያለቅሳል፣ እሷ እጄ ላይ ታለቅሳለች። ሻይ ቤቱ ከዚያ ቀን ጀምሮ ጸጥ አለ። ከሳቸው ሽሽት መንገድ ስንሻገር የነበርን ሰዎች እየመጣን እንቀመጣለን፣ የምንጣላው ሰው የለንም።

በሦስተኛው ሳምንት የት እንደታሰሩ ተሰማ። ተስፋነሽ ፓስቲ ጠቀለለች፣ ለሊሴ ጋቢ ሰጠችኝ፣ ስንቁን ይዤ ሄድኩ። ማን ይሄዳል ሲባል ሌላ ሰው አልነበረም እንዴ? ነበር። እኔ ግን ለጉራ ሳይሆን እውነቴን ነው፣ በኬላ ሠላሳ አንድ ዓመት ተፈትሻለሁ።

በሩ ላይ ያለው ጠባቂ መታወቂያዬን ይዞ ዘመድ ብቻ ነው የሚገባው አለኝ። ምኑ ነህ?

"ወንድሙ ነኝ።"

"የአባታችሁ ስም ይለያያል እኮ።"

"በእናት ነው።"

አየኝ። ቀጄላ ጥቁርና ረጅም ነው፣ እኔን ያየኝ ያውቃል። ጠባቂው ቆይ አለና ቀጄላን ሊጠይቀው ወደ ውስጥ ገባ። አጥሩ ሥር ቆምኩ። ገብረየስ የሚባል ወንድም የለኝም ካለ እዚያው ነው የምቀረው። ይሄ ሰው ደግሞ የሬሳ ታሪክ ያረመ ሰው ነው፤ የኔን ውሸት ሳያርም ይለፈኝ? ያደረግሁትን ሁሉ፣ ያማሁትን ሁሉ አሰብኩ። ፀሐዩ ዞሮ ጥላዬን ወደ ሌላ ጎን አደረገው።

ጠባቂው እየሳቀ መጣ። "ታናሽ ወንድሜ ነው አለ። ከልጅነቱ ጀምሮ ምክር የማይሰማ፣ ወሬ የሚያበዛ ነው፣ ብዙ እንዳታስቆሙት አለ።"

እኔ ቀጄላን በስድስት ዓመት እበልጠዋለሁ። እሱ ሳይወለድ እኔ በግ ጠብቄአለሁ፤ ሰበታ በሙሉ የሚያውቀው ነው። ወሬ ያበዛል ደግሞ፣ እኔን? አፌን ከፈትኩ። መልሼ ዘጋሁት።

"አዎ" አልኩት ጠባቂውን፣ "እሱ ነው ያሳደገኝ።" ስንቁን አስረከብኩ።

ጥር ላይ ፕላኑ ቀርቷል ተብሎ በሬዲዮ ተነገረ። ማን እንዳስቀረው የተማረ ይንገራችሁ። ቀጄላ የተፈታው ግንቦት ላይ ነው፣ ከስቶ፣ ሁለት የፊት ጥርሱን አጥቶ። ለሊሴ ልጇን ይዛ ደጁ ድረስ ሄዳ "ባጋ ነጋን ገልታን፣ እንኳን በደህና ገቡ" ብላ ጉልበቱን ሳመች። አሁን ሻይ ቤት ስገባ ከሩቁ፣ በሰው ፊት፣ "ታናሼ፣ ና እዚህ ተቀመጥ" ይለኛል።

አቤት ብዬ አጠገቡ እቀመጣለሁ።