ዜና ማር ዘጌራ፣ በቲጃኒ መኪና ውስጥ በሐሰት የተከሰሰው

ቲጃኒ የኤሲ ጋዝ ባስሞላ በዓመቱ፣ የልጅ ልጄ ሲሃም አሰንዳቦ ላይ ወንድ ልጅ በተገላገለች ሰሞን የሆነው ይህ ነው። ያን ቀን ድል ያደረግሁ እኔ ስሆን፣ የሲሃም አማቶች ቤት ቡና ሲጠጣ የተወራው የቲጃኒ ብልሃት ነበር። የእኔን ሥራ የሚጽፍ ስለጠፋ፣ ነገሥታቱ እንዳስጻፉ እኔ አዴ ዙሀራም አስጻፍሁ፤ ቢስሚላህ።

ወበውእቱ ዘመን ክብርት አዴ ዙሀራ፣ የጌራን ማር ከሊሙ ማር በሽታው የሚለዩ፣ ሚዛን የሚሰርቁ ነጋዴዎች ከሩቅ አይተዋቸው መንገድ የሚቀይሩላቸው፣ ለአራሷ አንድ ገንቦ ማር ይዘው ከጅማ መንደራ ቆጪ ሰፈር ተነሡ። የዘመቱትም እነዚህ ናቸው፦ የልጃቸው ባል ቲጃኒ፣ ባለመሪው፤ ልጃቸው ፈትያ፣ መኪና ሲነሣ የምትተኛ መኪና ሲቆም የምትነቃ፤ እግሯ የታሰረ አንዲት ዶሮ፤ ማሩም በአዴ ዙሀራ ጭን ላይ እንደ አልጋ ወራሽ ተቀምጦ።

ሰርቦ ከተማ ሳይደርሱም ኤሲው የሞቀ ንፋስ ይተፋ ጀመር፣ የሙቀቱም ቀስት ወደ ቀዩ ወጣ፣ የፊቱም መስታወት በቅባት ጉም ተሸፈነ፣ በአዴ ዙሀራም እግር ሥር ምንጣፉ ረጥቦ ጣፋጭ ሽታ ሸተተ። ወእምዝ ቲጃኒ መኪናውን ሰርቦ አስፍሮ እንዲህ ሲል አዋጅ ነገረ፦

«ስሙ! ማሩ ፈሷል፤ ምንጣፌን አበላሽቷል፣ መስታወቴንም እሱ ነው የሸፈነው። የሞተሬ ውሃ ደግሞ ይኸው ከሥር እየተንጠባጠበ ነው። ገንቦው ሰርቦ ይቅር! እርስዎም እማ፣ ፊደል ሳይቆጥሩ ሞተር ላይ አይፍረዱ፤ ወደ ኋላ ወንበር ይሂዱ!»

በባዶ እጅ አራስ ፊት መቆም ለአዴ ዙሀራ ከሞት አንድ ጣት ብቻ የራቀ ነው። የሰርቦ ማር ነጋዴዎችም ተሰበሰቡ፤ በአገራችን የማር ክርክር የሚዳኘው በጣት ተቀምሶ ነውና፣ ሽማግሌያቸው ኸይሩ ምንጣፉን ነክቶ ጣቱን ወደ አፉ አነሣ። ያን ጊዜ አዴ ዙሀራ እጁን በጥፊ መትተው አወጁ፦

«አያ ኸይሩ፣ ጣትህን ሰብስብ! ማር ሲነኩት ክር ይስባል፤ ይህ እንደ ውሃ ይወርዳል። ገንቦዬን ዳብሱት፣ ሥሩ ደረቅ ነው። ካልሲዬን ግን እዩት! ነጭ ሆኖ ገብቶ አረንጓዴ ሆኖ ወጣ። አረንጓዴ ማር የሚሠራ ንብ ካያችሁ አምጡልኝ! ባለፈው ቲጃኒ ራዲያተር ውስጥ ሲያፈስ ያየሁት ቀለም ይኸው ነው፤ መርዝ ነው እኮ! ከመኪናው ሥር የሚንጠባጠበውም ቀለም የለው፣ ሽታ የለው፤ ቀዝቃዛ ብርጭቆ እንደሚያልበው የኤሲው ላብ ነው። ንጹሑን ሌባ አላችሁት፣ ሌባውን በማሬ ስም ጠራችሁት!»

ነጋዴዎቹ ሳቁ፣ ኸይሩ ጣቱን ሦስት ጊዜ በሳሙና ታጠበ፣ ቲጃኒ ግን አላመነም፤ ከጅማ ቦሳ ኪቶ ጋራዥ መካኒኩን ፈለቀን በስልክ አስጠራ። ፈለቀም በሞተር ሳይክል ደረሰ፣ ሞተሩ ሳይበርድ የራዲያተሩን ክዳን ማንም እንዳይነካ አዘዘ፣ ከበረደም በኋላ ዳሽቦርዱ ሥር ገብቶ ወጣና አወጀ፦

«የማሞቂያው ትንሿ ራዲያተር ተበስታለች። ኩላንቱ፣ ይኸ አረንጓዴው የራዲያተር ፈሳሽ፣ ወደ ውስጥ፣ በሴትዮዋ እግር ሥር ነው የሚፈስ። መስታወቱንም ያጨለመው የእሱ እንፋሎት ነው። ሞተሩ የጋለው ውሃው ስላለቀ ነው። ኤሲው ምንም አልሆነም፣ ሞተር ሲግል ማቀዝቀዙን ራሱ ያቆማል፤ አትነካኩት!»

ሁለቱን የማሞቂያ ቱቦዎች አንድ ላይ አጋጥሞ ትንሿን ራዲያተር ከመንገድ አስወጣት፣ አዲስ ኩላንትም ሞላ። ሠራዊቱም ተነሥቶ አሰንዳቦ ገባ፤ ሲሃም ከማሩ በማንኪያ ቀመሰች፣ ሕፃኑም አስነጠሰ።

ወይእዜኒ፣ ለአዴ ዙሀራ ምስጋና ይሁን፤ ለገንቦ ጠበቃ፣ ለአያ ኸይሩ አንጀት ጋሻ፣ ፊደል ሳይቆጥሩ ቀለም ላነበቡት!

አንተ ቲጃኒ ግን ስማኝ። በመጪው ጁምዓ የሲሃም አማቶች ወደ ጅማ ሲመጡ፣ ምሳ ሳይቀርብ ቆመህ «የፈሰሰው የእኔ መኪና ነው፣ የእማ ማር አይደለም» በል። የፊቱን ወንበር መልስ። ካልሲዬን ደግሞ ራስህ እጠብ፤ ፈትያ እንዳትነካው።