ሁለት አልጋ ያላት ጀልባ

የሰው ልጅ ምኞት አድራሻ የለውም። በረሃ ተወልዶ ጃንጥላ የሚያምረው አለ፤ ደጋ ላይ እየኖረ ማራገቢያ የሚገዛም አለ። እናንተም ብትሆኑ ጓዳችሁ ይፈተሽ ቢባል አንድ የማይሆን ዕቃ አይጠፋም፤ ከጎረቤት የተደበቀ፣ ከሚስት ግን ያልተደበቀ። የእኔው ትንሽ ተለቅ ስለሚል ጓዳ አልገባም እንጂ ነገሩ ያው ነው። ጀልባ ነበረኝ። ሚዛን ተፈሪ ላይ።

መሳቃችሁን ጨርሱ፣ እጠብቃለሁ።

በእርግጥ ሚዛን ውሃ አጥታ አታውቅም። እኛ ዘንድ ዝናብ እንግዳ ሳይሆን ቤተሰብ ነው፤ ሳይጠራ ይመጣል፣ ሂድ ቢሉትም አይሄድም። ችግሩ ውሃው ሁሉ ከላይ ወደ ታች እየተንደረደረ ማለፉ ነው። ጀልባ ደግሞ የምትፈልገው የተኛ ውሃ ነው። ባሕርም በሉት ሐይቅ፣ ብቻ ተኝቶ ይጠብቃት።

እኔ የሞተር ሳይክል መለዋወጫ እሸጣለሁ። ጋምቤላ ውስጥ አንድ ፕሮጀክት ሥራውን ጨርሶ ዕቃውን በሐራጅ ሊሸጥ ነው፣ አሮጌ ሞተሮችም አሉበት ሲባል ሰምቼ ሄድኩ። ሞተሮቹን ቀድመውኝ ወስደዋቸዋል። ግቢው ጥግ ላይ ግን አንዲት ነጭ ባለ ሞተር ጀልባ ቆማለች፤ ወገቧ ላይ ሰማያዊ መስመር ተሰምሮባታል፣ መሪ አላት፣ መስታወት አላት፣ ከፊቷ ጣሪያ ያላት ትንሽ ክፍል፣ ክፍሏ ውስጥ ደግሞ ግራና ቀኝ አንዳንድ አልጋ። ዓይኔ አረፈባት። አጫራቹ «የሚጨምር አለ?» ሲል አንድ እጅ ወጣ። ዞር ብዬ ባይ የራሴ ነው።

ባለቤቴ ፈትያ ጀልባዋ ከጭነት መኪና ስትወርድ በር ላይ ቆማ አየች። «ሞተር ልገዛ ነው ብለህ አልነበር የሄድከው?» አለችኝ። «ሞተርማ አላት» አልኳት። በሩን ዘግታብኝ ገባች።

ጀልባ ያለው ሰው ዋና ሥራው ውሃ እንዳይገባባት መጠበቅ ነው ይባላል። የእኔዋ ግን ተቃራኒ ነበረች፤ እኔን የገደለኝ የገባው አልወጣ ማለቱ ነው። ሌሊት የዘነበባትን ጠዋት በጆግ ስቀዳ አረፍድና ሱቄን የምከፍተው ሰው ሁሉ ከከፈተ በኋላ ነበር። ስሯ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ስለነበረው የመኪና መከላከያ የሚጠግን ወዳጄን ለምኜ በፋይበር አስደፈንኩት። በብርጭቆ ወረቀት ፈተግኩት፣ ቀባሁት፣ ደስ አላለኝምና እንደገና ፈተግኩት። በመጨረሻ ጠብታ የማያሳልፍ ሆነ። የእናንተ ምክንያት ውሃ አያነሳ ይሆናል፤ የእኔ ጀልባ ግን ውሃ ታነሳ ነበር። እንቁራሪትም ታነሳ ነበር።

ሞተሯስ? ካልሠራች ትዝጋለችና ጁምዓ ጁምዓ ከሶላት መልስ ፈትቼ አወርዳትና፣ በርሜል ሙሉ ውሃ ውስጥ ነክሬ አስነሳታለሁ። በርሜሉ ይንዘፈዘፋል፣ ውሃው አጥር ድረስ ይረጫል፣ ፈትያ ያሰጣችውን ልብስ እየተራገመች ትሰበስባለች። ጎረቤቶቼ አጥሩ ላይ ተደግፈው «ጀማል፣ ዛሬ የት ደረስክ?» ይሉኛል። እኔም መልስ አላጣም፤ «ገና ከወደቡ መውጣቴ ነው» እላቸዋለሁ።

አንድ ቀን ፈትያ ቁርጤን ነገረችኝ። «ስማ ጀማል፣ ዶሮዎቼን ዝናብ ጨረሳቸው። ይቺ ጀልባህ በዚህ ወር ከግቢ ወጥታ ውሃ ላይ ካልዋለች የዶሮ ቤት ናት።» ፈትያ አለች ማለት አለች ነው። እኔ ደግሞ፣ ከእናንተ ምን እደብቃለሁ፣ በዕድሜዬ ውሃ ላይ ተንሳፍፌ አላውቅም። አንዴ፣ አንዴ ብቻ መሪዋን ጨብጬ፣ ከፊቴ ጉድጓድም ኬላም በሌለበት መሄድ ነበር ያማረኝ። በዚያ መሪ ላይ አውራ ዶሮ ቆሞ ሲጮህ ታየኝ።

ከቴፒ ወዲያ ጫካ መሐል አንድ ሐይቅ አለ። ጀልባዋን እዚያ የሚያደርስልኝ አይሱዙ ያላቸው ደግሞ የፈትያ አባት፣ አማቴ ሐጂ ሽኩር ናቸው። ሐጂ ቴፒ ላይ ቡና ያለማሉ፤ በዓለም ላይ ከቡና ሌላ ቁም ነገር መኖሩን ሰምተው ይሆናል እንጂ አላመኑበትም። ለእንዲህ ያለ ሰው «ሐይቅ ላይ ልንሸራሸር ነው» ብዬ ልጀምር? አልሞኝም። የሐይቁን ነገር ፊት ለፊት ስንገናኝ ቀስ ብዬ አነሳዋለሁ ብዬ ዋጥኩት፤ ደወልኩና በጀልባዋ ክብር በኩል ገባሁ።

«ሐጂ፣ ያቺ ጀልባ እኮ እንዲሁ እንዳትመስልዎት። ሁለት አልጋ አላት።»

ሐጂ ነቃ አሉ። «አልጋ አልከኝ?»

«አዎ፣ ያውም ጣሪያ ያለው። ይሄ ሁሉ ዝናብ ሲወርድ ጠብ አይልበትም።»

«ጣሪያ ያለው አልጋ!» አሉ ሐጂ፣ ድምፃቸው ተለወጠ። «እኛ እዚህ በዝናብ አሳራችንን እያየን፣ አንተ ይህን የመሰለ ነገር ታቅፈህ ትቀመጣለህ? ነገ በጠዋት መኪናውን እልካለሁ!»

ስልኩን ስዘጋ መሬት አልበቃኝም። ፈትያ አጠገቤ ተቀምጣ ጎመን ትቀነጥሳለች፤ ቀና ብላ አየችኝና ተመልሳ ወደ ጎመኗ።

አይሱዙው በተባለው ቀን መጥቶ ጀልባዋን ወሰደ። እኔ ለሞተሯ ቤንዚን ፍለጋ ስል ቀረሁ፤ ቤንዚን እንዴት እንደሚገኝ ታውቃላችሁ። በማግስቱ ጄሪካኔን ሞተር ሳይክሌ ላይ አስሬ፣ ከጀልባዋ ጋር የመጣችውን ብርቱካናማ የዋና ጃኬት ሻንጣ አልበቃት ስላለ ደረቴ ላይ ቆልፌ ወደ ቴፒ ገሠገሥኩ። በየመንደሩ የመንገድ ሥራ ሰው መስዬያቸው ስለ ጎርባጣው መንገድ አቤቱታ ያቀረቡልኝ ነበሩ። እኔም «ይታያል» እያልኩ አለፍኩ።

ሐጂ ግቢ ስገባ ጀልባዬ ድንጋይ ላይ ተሰይማለች። ከመሪዋ እስከ ኋላዋ፣ ግራና ቀኝ አልጋዋ ላይ ጭምር፣ ቀይ ቡና ተሰጥቶባታል።

እዚህ ላይ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ፍረዱ። በእኛ አገር የቡና ሰው ዘንድ አልጋ ሲባል ሰው አይተኛበትም። ከመሬት ከፍ ተደርጎ በእንጨትና በሽቦ የሚሠራ፣ የተለቀመ ቡና ተሰጥቶ የሚደርቅበት ነው። ይህን የማያውቅ የለም፤ እኔም አውቃለሁ። ያን ዕለት ግን ልቤ ሐይቅ ላይ ነበር።

እሱስ ባልከፋ፤ ቡና ይዛቃል። ግን ሐጂ እጄን ይዘው ወደ ጀልባዋ ወሰዱኝ። ጎንበስ ብዬ ከስር እንዳይ ነገሩኝ። አየሁ። በጀልባዬ ስር በቀዳዳ ቀይ ቡና ይታያል፤ አንድ ቦታ አይደለም፣ ሁሉም ቦታ።

«አልጋህ ግሩም ነው ልጄ» አሉ ሐጂ፣ እጃቸው ላይ ያለውን ነጭ የፋይበር ዱቄት እያራገፉ። «ሠሪው ግን ቡና አያውቅም። ስሩን ድፍን አድርጎት ነበር! አየሩ በየት ይግባ? ውሃው በየት ይውጣ? ይኸው ከጠዋት ጀምሮ በመሰርሰሪያ በሳስቼ አስተካከልኩልህ።»

አማት ናቸው። በዚህ ዕድሜያቸው ግማሽ ቀን መሬት ላይ ተንጋለው፣ ለእኔ ብለው የለፉ አማት። ምን ይባላል? «አላህ ይስጥልኝ» አልኩ።

«ቤንዚኑስ?» አሉኝ።

«ለእርስዎ ጄኔሬተር ነው፣ ሐጂ።»

«ይቺ የለበስካትስ?»

«ለብርድ።»

ከሰዓት ያ ቤተሰባችን መጣ። ዝናቡ ሲወርድ ሠፈሩ ሁሉ ላስቲክ ይዞ ወደየአልጋው ሮጠ። ሐጂ ግን ከጀልባዋ ጣሪያ ጀምረው የዘረጉትን ሸራ አንዴ ሳብ አደረጉና በረንዳቸው ላይ ተቀመጡ። ፊታቸው ላይ የነበረውን ደስታ ባያችሁ ኖሮ እናንተም ዝም ትሉ ነበር። ዝናቡ ሲያባራ ጎረቤት እየመጣ ጀልባዋን ዞሮ ያያል፣ ቡናውን በእጁ እየዘገነ ያሸታል። እኔ በርቀት ቆሜ፣ ጃኬቴን ሳላወልቅ፣ አለቀስኩ ለማለት ምንም አልቀረኝም።

ማታ ለፈትያ ደወልኩ። «አባትሽ የተረዱት የቡና አልጋ ነበር እኮ!»

«አውቃለሁ» አለች። «አባቴ መቼ ሌላ አልጋ ያውቃል?»

«ታዲያ አጠገቤ ተቀምጠሽ ስትሰሚ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ከግቢ ትውጣ አይደል ያልኩት? ወጣች» አለችና፣ ለስለስ ብላ ጨመረች፤ «ሞተሯን ግን ይዘህልን ና። ጁምዓ ያለ እሷ ጭር ይላል።»

ይዤላት መጣሁ። አሁንም ጁምዓ ጁምዓ በርሜሉ ውስጥ እየተንዘፈዘፍን ከወደቡ እንወጣለን። ጀልባዋ ግን ቴፒ ቀረች። የቀረችው ደግሞ ብቻዋን አይደለም፤ ስሟም አብሯት ቀረ። በዚያ አካባቢ አሁን ጣሪያ ያለው የቡና አልጋ ሁሉ «ጀልባ» ነው የሚባለው። «ዘንድሮ ጀልባ ሠራህ?» ይባባላሉ። «የእኔ ጀልባ ምስጥ በላት» ይላሉ።

ባለፈው ሳምንት ከሸዋ ቤንች የመጣ አንድ አናጢ እኔን ፍለጋ ሱቄ ድረስ ዘለቀ።

«ባለ ጀልባው ጀማል አንተ ነህ?»

«ነኝ» አልኩት። እንዲህ ብሎ የጠራኝ ሰው አልነበረምና ደረቴ ነፋ አለ።

«ጀልባ ሥራልን ብለውኝ ነው። እንጨቷን ጨርሻለሁ፣ ጣሪያዋንም መትቻለሁ። ስሯ ላይ ተጠራጠርኩና አንተን ጠይቅ አሉኝ። ልብሳው ወይስ ድፍን ይሁን?»

የብርጭቆ ወረቀቱ ትዝ አለኝ። ፋይበሩ፣ ቀለሙ፣ ጆጉ ሁሉ ትዝ አለኝ። ከዚያ እንደ ባለሙያ ጉሮሮዬን ጠረግሁ።

«ጥቅጥቅ አድርገህ ብሳው እንጂ!» አልኩት። «ድፍን ከሆነችማ ምኑን ጀልባ ሆነች?»