የፕሮፌሰር ታክ የማለፊያ ስሌት

ቡድኑ ሲሸነፍ የሚሳደብ ሰው አለ፤ ተከናንቦ የሚተኛም አለ። ሦስተኛው ዓይነት ግን እርሳስ ይፈልጋል። እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት ገበያ በኮሪያ ምድር ካለ አሳዩኝ፤ የደረቀ ዓሣዬን ጠቅልዬ እዚያው እገባለሁ።

በማሳን ገበያ የእኛው ክቡር ፕሮፌሰር ታክ ናቸው። ፕሮፌሰርነቱን የሾምናቸው እኛ ነን እንጂ ሥራቸው ሱሪ ማሳጠር ነው። ሱቃቸውና ሱቄ ግድግዳ ይጋራሉ። በዚህ የተነሳ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ የቤዝቦሉ ወቅት ሊያልቅ ሲል፣ «ሸርጣኖች» የተባለው ጉደኛ ቡድናችን ስንት አሸንፎ ማን ቢሸነፍለት ወደ ቀጣዩ ዙር ከሚያልፉት አምስት ቡድኖች እንደሚገባ ሳልጠይቅ ሰምቻለሁ።

«በስሌት ገና አልሞትንም!» ይላሉ፣ መርፌያቸውን እንደ በትረ መንግሥት ከፍ አድርገው።

አንድ ጊዜ ሥጋ ሻጯ ወይዘሮ ፕዮ ተሳስታ፣ «ጋሼ፣ እናልፋለን ወይስ አናልፍም?» አለቻቸው።

«የቀሩንን ሰባቱንም ካሸነፍን፣ ተቀናቃኞቻችን ጎሾች ደግሞ ከስድስቱ አምስቱን ከተሸነፉ፣ ቀላል ነው።»

«እንዲያማ ከሆነ እኔም ሠላሳ ኪሎ ብቀንስ ዘፋኝ እሆናለሁ!»

ወረቀት ሲያጡ በልብስ ስፌት ጠመኔያቸው ያገኙት ጨርቅ ላይ ይጽፋሉ። የሰፈራችን ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር የልጃቸውን ሠርግ በሱሪያቸው መቀመጫ ላይ የሸርጣኖችን ድልና ሽንፈት ተሸክመው አሳልፈዋል። ሊወቅሷቸው ሲመጡ ፕሮፌሰሩ ሱሪውን አዙረው አዩና፣ «ይሄማ የማክሰኞው ነው፣ አርጅቷል» ብለው በአዲስ ቁጥር ሊተኩት ተነሡ።

ከሁሉ የሚብሰው ግን የአቻ ነገር ነው። በእኛ ሊግ ደረጃ የሚወጣው ድልን ለድልና ለሽንፈት ድምር በማካፈል ነው፤ አቻ ከሂሳቡ ውጪ ነው። ይህን ያልተረዳ ሰው በፊታቸው ካለፈ ምሳውን ሳይበላ ይውላል።

«ብዙ ድል ያለው ይበልጣል የሚለኝ ማነው? አካፍል! አካፍልና ና!»

ባለፈው መኸር የግራ ዓይናቸው የውስጥ መጋረጃ፣ ሬቲና የሚሉት፣ ተላቀቀና ቀዶ ጥገና ተደረገላቸው። ሐኪሙ «አሥር ቀን በግንባርዎ ተደፍተው ይተኛሉ፤ ቀና ማለት የለም» አላቸው። የቤዝቦሉ ወቅት የመጨረሻ ቀን እሑድ ከሰዓት ሆስፒታል ልጠይቃቸው ብሄድ፣ ክቡርነታቸው ፊታቸውን ትራስ ውስጥ ቀብረው፣ ሬዲዮ ጆሯቸው ሥር አስቀምጠው፣ በትራሱ ውስጥ ሆነው ለክፍሉ በሙሉ ያስተምራሉ።

«መጣህ? እርሳስ ይዘሃል?»

ከጎናቸው ጉ የሚባል ዓሣ አጥማጅ ተኝቷል። አንዱን ዓይኑን በልጅነቱ መንጠቆ ወስዶበታል፤ የቀረችው አንዷ ሰኞ ጠዋት ልትቀደድ ነው። ፈርቷል። ጠዋት ሻንጣውን አስሮ ሊሄድ ሲል ከደጅ የመለሱት ነርሶቹ ናቸው።

«እኔ ምልክት እፈልጋለሁ» አለኝ። «ዛሬ ሸርጣኖች ካለፉ እቀደዳለሁ። ካላለፉ ማታውኑ ወደ ጀልባዬ።»

«ሐኪሙ ምን አለህ?»

«ካልተቀደደች እስከ ክረምት ትጠፋለች አለ። ሐኪም ምን ያውቃል?»

ሸርጣኖች አሸነፉ። ሰባ ሁለተኛ ድላቸው ነው። ሰባ ድል የያዙት ጎሾች ደግሞ ሌላ ከተማ እየተጫወቱ ነበር፤ መሸነፍ ነበረባቸው። ጨዋታው ተጨማሪ ዙር ገባ፣ ተጎተተ፣ በመጨረሻም አቻ አለቀ።

ክፍሉ ፈነዳ። «ሰባ ሁለት ለሰባ! አለፍን!» ጉ አልጋው ላይ ቆሞ ዘለለ። ነርሷ ሮጣ መጥታ፣ «ይሄ የዓይን ሕሙማን ክፍል ነው!» ብላ ሬዲዮውን ይዛው ሄደች።

እኔ እጄ በልማድ ማካፈል ጀምሮ ነበር። የእኛ ሰባ ሁለት ለመቶ አርባ ሦስት፣ 0.5035፤ አቻ የበዛላቸው የእነሱ ሰባ ለመቶ ሠላሳ ዘጠኝ፣ 0.5036። ደግሜ ሠራሁት። ያው ነው። ከአሥር ሺህ አንድ አንሰን ቀርተናል።

ጉ ወደ ትራሱ ጎንበስ አለ። «ፕሮፌሰር፣ አለፍን አይደል? ከእርስዎ አፍ ልስማው።»

እኚህ ሰው በአንድ ነጥብ ስህተት ከገዛ ወንድማቸው ጋር ሦስት ዓመት የተኳረፉ ናቸው። አቻ ሲሰሙ ደማቸው ይፈላል። ትከሻቸው ሲወጣና ሲወርድ አየሁት።

«ሻንጣህን ፍታ» አሉት በመጨረሻ። «ነገ በጠዋት ትነሣለህ።»

ጉ እያለቀሰ ሻንጣውን ፈታና ሚስቱ ያመጣችለትን ሸክላ የሚያህል ፒር የተባለ ፍሬ ልጦ ለሁላችን አከፋፈለ። ፕሮፌሰሩ ድርሻቸውን ተደፍተው በሉ። ከዚያ እኔ ብቻ እንድሰማ፣ «ስንት አገኘህ?» አሉኝ።

«ከአሥር ሺህ በአንድ እናንሳለን።»

«ልክ ነህ» አሉ። ከሳቸው አፍ ይህን ቃል ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

የጉ ቀዶ ጥገና ሠመረ። ማክሰኞ እኔ ልጠይቃቸው በሄድኩበት ሰዓት ፋሻው ሲፈታለት በዚያች አንድ ዓይኑ መጀመሪያ ያየው ሚስቱን ነው፤ ቀጥሎ ያየው ጋዜጣ ነው። ሸርጣኖች ስድስተኛ! ቁጣው እንደ ማዕበል ክፍሉን ሞላው።

«ማነው ያታለለኝ?»

ፕሮፌሰሩ ሊናገሩ ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ ቀደምኳቸው። «እኔ ነኝ። ሂሳቡን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ አሳስቼ ነገርኳቸው።»

ከትራሱ ውስጥ የታፈነ ድምፅ መጣ።

«ተወው ጉ፣ ምን ታደርገዋለህ! ሃያ ሁለት ዓመት አስተማርኩት፤ ማካፈል አሁንም አይገባውም። ጭንቅላቱ እንደሚሸጠው ዓሣ ደርቋል።»

ጉ ሳቀ፣ ነርሷ ሳቀች፣ ክፍሉ በሙሉ ሳቀብኝ። እኔም አንገቴን ደፋሁ። ያን ጊዜ የፕሮፌሰሩ እጅ ከአንሶላው ሥር ወጥቶ፣ እየዳበሰ እጄን አገኘና አጥብቆ ያዘኝ። በሕይወቴ ተሰድቤ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።