ሊቀ ጆሮ ጋሽ ቃልቤሳ እና የ«ዝገት» አልበም

በየሰፈሩ አንድ ሃያሲ አይጠፋም። ደመወዝ የለው፣ ሹመት የለው፤ ግን ሠርጉንም፣ ስብከቱንም፣ የቧንቧውንም ውኃ ካልመዘነ እንቅልፍ አይወስደውም። ለእኛ ለቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነዋሪዎች የደረሱን ክቡር ሊቀ ጆሮ ጋሽ ቃልቤሳ ናቸው።

ጋሽ ቃልቤሳ ሠላሳ ዓመት የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ መካኒክ ነበሩ። የታመመ ማሽን በድምፁ ይለያሉ። ጡረታ ሲወጡ ማሽኑ ተገላገለና እኛ ተራችን ደረሰ። የጎረቤታችንን የበላይነሽን ሠርግ አይተው «ግራሶ ያንሰዋል» አሉ። የዕድሩን ሊቀ መንበር ንግግር ሰምተውም «ግራሶ ያንሰዋል»። አንድ ቀን ደግሞ ሚኒባስ ውስጥ «የኋላ ቀኝ ኩሽኔታህ እያለቀሰ ነው» ቢሉት ሾፌሩ ሳቀባቸው። ቃሊቲ ሳንደርስ መኪናው ቀጥ አለ። ጉድ ነው መቼም! ከዚያ ወዲህ እሳቸው ሲሳፈሩ ሾፌሮቹ ይጨነቃሉ።

ባለፈው ወር ቃሊቲ አንድ መጋዘን በር ላይ «ዝገት፦ ፕሮግረሲቭ ሜታል» የሚል ማስታወቂያ አዩ። አዲስ ዓይነት ብረት የመጣ መስሏቸው የመስኮት ፍርግርግ ሊያሠሩ ገቡ። «የብረት ሥራ ከፍቶ ስሙን ዝገት የሚል ምን ዓይነት ሰው ነው?» ብለው ሊገሥጹም ነበር። ለካስ ሜታል የሮክ ሙዚቃ ስልት ኖሯል፤ ውስጥ ያገኙት ጊታርና ድራም የያዙ አራት ወጣቶችን ነው። ጋሽ ቃልቤሳም ልምምዱ እስኪያልቅ ንቅንቅ አላሉም።

ባንዱን የምትመራው ድራመሯ ሐናን ናት፤ ቀን ቀን ሳሪስ አባቷ ሱቅ መለዋወጫ ትሸጣለች። «ሦስተኛ ፈረቃ» ለተባለው የመጀመሪያ አልበማቸው ሦስት ዓመት ለፍተዋል። ሃያስያኑ ግን እየተቀባበሉ አብጠለጠሉት። ሬዲዮው «ጩኸት» አለ፣ ዩቲዩቡ «የሰይጣን ሥራ» አለ። እኔም፣ ይቅር ይበለኝ፣ በዚሁ የጋዜጣ ዓምዴ «የቆርቆሮ ናዳ» ብዬ ጻፍኩ። ሐናን ይህን አንብባ ባንዱን ልትበትን ነው ተባለ።

ጋሽ ቃልቤሳ ጋዜጣውን ይዘው በሬን ደበደቡ።

«አንተ! እስከ መጨረሻው ሰምተኸዋል?»

«እንዴታ፣ ጋሼ!»

እየጎተቱ መጋዘኑ ወሰዱኝ። ሐናን ድራሟን በካርቶን እያሸገች ነበር። «አልበሙን ክፈቺው» አሏት። ሃምሳ ደቂቃ ሙሉ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ መዳፋቸውን ስፒከሩ ላይ አሳርፈው አዳመጡ። እኔም ያን ቀን እሳቸውን እያየሁ አዳመጥኩ።

«አራተኛው ዘፈን ላይ ሰባት ሰባት እየመታሽ ትመጪና በየአራተኛው ዙር አንዷን ምት ትውጫታለሽ። ተሳስተሽ ነው?»

ሐናን ቀና አለች። «ሆን ብዬ ነው፣ ጋሼ። እስካሁን ማንም አልሰማትም።»

ኮፍያቸውን አወለቁላት። «ሠላሳ ዓመት ማሽን ሳዳምጥ፣ አውቆ የሚሳሳት አልገጠመኝም። ይቺን የመታ እጅ ካርቶን አያሽግም፣ ልጄ።»

ሐናን እያለቀሰች ካርቶኑን ቀደደችው።

ወደ ቤት ስንመለስ በግራቸው ሆኜ ሳወድሳቸው፣ ሳወድሳቸው፣ አንዲት ቃል አልመለሱልኝም። በመጨረሻ ተኮሳትረው ቆሙ።

«ምን ታጉተመትማለህ? በቀኜ ሁንና አውራ። ግራ ጆሮዬን ማሽኑ ከበላው ሃያ ዓመቱ ነው።»

በአንድ ጆሮ! ታዲያ የእኔ ሁለቱ ምን ይሠሩ ነበር?

ዞሬ በቀኛቸው ሆንኩ።

«ጋሼ» አልኳቸው፣ «ያን ስጽፍ አልበሙን ሁለተኛው ዘፈን ላይ ዘግቼው ነበር።»