ሽማግሌ የተላከበት ማርሽ

ተቀናቃኙን ከልቡ የሚያከብር ሙዚቀኛ አለ የሚላችሁ ሰው ካለ አትመኑት፤ ወይ ሙዚቃ አያውቅም፣ ወይ ተቀናቃኝ የለውም። እኔ በመሐል ሜዳ ማርሽ ባንድ ትልቁን ከበሮ እመታለሁ። የጎረቤታችን የዘመሮ ከተማ ባንድ ሲያልፍ ፈገግ እላለሁ፤ በሆዴ ግን አንዱ ጥሩምባቸው እንዲደፈንልኝ ነው የምለምነው። ታዝባችሁኝ ይሆናል... እስቲ እናንተም ከዘመሮ ጋር ተወዳደሩና ከዚያ እንነጋገር።

ዘንድሮ ከሁለታችን ያሸነፈው ደብረ ብርሃን ሄዶ የዞኑን የበዓል ሰልፍ ከፊት ሊመራ ነበር። ለእኛ ክብር ነው፤ ለመሪያችን ለጋሽ ጌታነህ ግን ከዚያም በላይ ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ባንድ ሲመሩ ደብረ ብርሃንን በሰልፍ ገብተውባት አያውቁም። ጉልበታቸው ደግሞ ከዘንድሮ አላልፍም እያለ ነው። ስለዚህ ማሸነፍ ነበረብን፤ በቃ!

የውድድሩ ዕለት ጠዋት ስልኬ ጮኸ። የዘመሮ ባንድ መሪ፣ መምህርት ዘነበች ናት። ኔትወርኩ እየተቆራረጠ፣ ነፋሱ እያፏጨ፣ «መንገድ ላይ ቀርተናል... ማርሹ አልገባም አለ... ብንለው ብንሠራው እምቢ... እባክህ ሰው ላኩልን» አለችኝ።

እንግዲህ እኛ ባንዱን ራሱን «ማርሹ» ነው የምንለው። ማርሹ አልገባም ካለ፣ ተጣልተው መሐል ሜዳ አንገባም ብለዋል ማለት ነው። ካልመጡ ደግሞ ያለ ምንም ድካም በፎርፌ አሸነፍን! እየሮጥኩ ሄጄ ለጋሽ ጌታነህ አበሠርኳቸው። እሳቸው ግን ፊታቸው ጠቆረ።

«ሰው ተጣላ ብለህ ነው እንዲህ ጥርስህ የማይገጥመው?» አሉኝ። «ሰው ላኩልን ካሉ ሽማግሌ ነው የፈለጉት። ታርቀው ይምጡና በወጉ እናሸንፋቸዋለን።»

በማስታረቅ የታወቁትን ቄስ አባ ኃይሌን ይዘን፣ እርቁን ለማየት ማንም አልቀርም ስላለ፣ ባንዱ በሙሉ ከነመሣሪያው በአንድ ሚኒባስ ተደራርበን ወረድን። ከዳገቱ ግርጌ አውቶብሳቸው ቆሟል። ዘመሮዎች ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ለነፋሱ ጀርባቸውን ሰጥተው ተቀምጠዋል። እኔ ግን ጀርባ የተሰጣጡት እርስ በርሳቸው ነው የመሰለኝ፤ «ክፉኛ ተኳርፈዋል» ብዬ ለአባ ሹክ አልኳቸው።

አባ መስቀላቸውን አውጥተው፣ «ልጆቼ፣ የጠቡ መነሻ ምንድን ነው?» አሉ።

ከአውቶብሱ ሥር የሾፌሩ ድምፅ መጣ፤ «ፍሪሲዮኑ ነው አባቴ።»

አባ ፍሪሲዮን የሚባል ሰው አያውቁም። ቢሆንም ሥራቸው ነውና፣ «ጥሩልኝና ይቅርታ ይጠይቅ» አሉ።

«እሱ ከዚህ በኋላ አይረባም፤ መቀየር ነው ያለበት።»

«ኧረ ተው ልጄ! ሰው ንስሐ ይገባል እንጂ ይቀየራል?»

ይሄኔ ሾፌሩ በግሪስ እንደተጨማለቀ ብቅ አለና የተሰበሰበውን ሽማግሌና ከበሮ ግራ ገብቶት ያየው ጀመር። ለካስ አልገባም ያለው የመኪናው ማርሽ፣ ፍሪሲዮንም ሰው ሳይሆን የመኪናው ዕቃ ኖሯል! መምህርት ዘነበች ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት፣ «ሰው ላኩልን ያልኩህ እኮ መካኒክ ነው» አለችኝ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

እፍረቱ ግን ከተንኮሌ አላስጣለኝም። ጋሽ ጌታነህን ገለል አድርጌ፣ አሁን ብንመለስ ማንም አይወቅሰንም፣ ፎርፌውም በእጃችን ነው አልኳቸው። እሳቸው ግን ዘመሮዎችን ከነጥሩምባቸው በኛ ሚኒባስ አሳፍረው፣ አባን ከፊት አስቀምጠው ላኳቸው። እኛስ? የመኪናው መንገድ ዙሪያ ጥምጥም ነው፤ ሚኒባሱ ተመልሶ እስኪመጣ ብንጠብቅ ሰዓቱ ያልፍብናል፤ ስለዚህ በእግር አቋራጩን ዳገት ተያያዝነው። ጋሽ ጌታነህም ቦታ ሲለቀቅላቸው አሻፈረኝ ብለው፣ ባንድ የሚመሩበትን ዘንግ እየተመረኮዙ ከኛ ጋር ወጡ። እኔ ያንን ከበሮ ተሸክሜ ያልተራገምኩት ነገር የለም።

ሜዳው ላይ ስንደርስ የሚነፋ ሳንባ አልቀረልንም። ከጥሩምባችን የወጣው ድምፅ የበግ ሳል ነበር። ዘመሮዎች ግን ተደላድለው መጥተው፣ ጉሮሯቸውን አርጥበው እንደ ልባቸው ነፉት። አሸነፉ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ አለቀስኩ። ለዋንጫው አይደለም፤ ደብረ ብርሃን ከጋሽ ጌታነህ እጅ አመለጠች ብዬ ነው።

መምህርት ዘነበች ዋንጫውን እንደተቀበለች ለአንዱ አስይዛ፣ ቀዩን የዘመሮ ኮት በእጇ አንጠልጥላ መጣች። ጋሽ ጌታነህ ፊት ቆማ እጅ ነሳች።

«ደብረ ብርሃን ላይ ከፊት ሆነው እርስዎ ይምሩን» አለቻቸው።

ጋሽ ጌታነህ የኛን ሰማያዊ ኮት አውልቀው ለኔ አስያዙኝና ቀዩን አጠለቁ።

«ጋሽ ጌታነህ፣ ከዱን እኮ» አልኳቸው።

«ተቀናቃኛችሁን አክብሩ እያልኩ ስመክራችሁ አይደል የኖርኩት? ይኸው አከበርኩ» አሉና ደረታቸውን ነፋ አድርገው ወደኔ ዞሩ። «በል አሁን ቁልፉን ቆልፍልኝ።»

በገዛ እጄ የዘመሮን ኮት ቆለፍኩላቸው። ይጠብባቸዋል፤ ግን አልነገርኳቸውም።